ለዲፈረንሻል 90 ቁጥር ዘይት ይሻላል ወይስ 140? ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ

ባለ 10 ጎማ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ጽሑፌ ረዘም ቢል ታገሡኝ።

ከአራት ወር በፊት ያገለገለ ባለ 10 ጎማ ገልባጭ ገዛሁ። ከኋላ ሁለት ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያካፍል የጥርስ ቤት) አለው፤ ሁለቱም ይጎትታሉ። የመኪናው ማኑዋል አብሮ አልመጣም። የቀድሞ ባለቤቱን የዲፈረንሻል ዘይት መቼ እንደተቀየረ ብጠይቀው «እኔ እጅ ላይ እያለ አልተነካም» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ጭኜ ስሄድ፣ ፍጥነቱ ከ60 ሲያልፍ ከኋላ ማፏጨት ጀመረ። ቀጭን ድምፅ ነው። ሬዲዮ ከተከፈተ አይሰማም፣ ሲዘጋ ግን እረፍት ይነሳል።

ሦስት ሰው ጠየቅኩ። አንዱ 90 አድርግ አለኝ። ሌላው 140 ከሞላህበት ድምፁ ይጠፋል አለ። ዘይት ሻጩ ደግሞ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ለዲፈረንሻልም ይሆናል፣ ምን አስጨነቀህ አለኝ። ማንን ልስማ? በዘይት ስህተት ኮሮናና ፒኞን (የዲፈረንሻሉን ትልቁንና ትንሹን ጥርስ) መግዛት አልፈልግም። እንጀራዬ ይሄ መኪና ነው።

ሌሊት ነጂ

ወንድሜ፣ 140 አድርግ። 11 ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ወፍራም ዘይት ጥርስን እንደ ትራስ ይይዛል። እኔ ከ140 ሌላ ሞልቼ አላውቅም፣ ዲፈረንሻልም በልቶብኝ አያውቅም።

አሮጌው መካኒክ

ቁጥሩ ላይ ከመጨቃጨቃችን በፊት ልጁን ሦስት ነገር ልጠይቀው።

ልጄ፣ ፉጨቱ የሚሰማህ ነዳጅ ረግጠህ መኪናው ሲጎትት ነው ወይስ እግርህን አንስተህ ሲንሸራተት? ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ከዲፈረንሻሉ ዘይት ትንሽ አውጥተህ አይተሃል? መልኩ ምን ይመስላል? ሦስተኛ፣ ዲፈረንሻሉ ላይ የተለጠፈች የብረት ሰሌዳ አለች? አብዛኛውን ጊዜ ጭቃና ግራሶ ሸፍኗት ነው የምትገኘው። በሽቦ ብሩሽ አጽዳትና ያለውን ቁጥር ጻፍልኝ።

መልስህን እጠብቃለሁ። ያለዚያ የምንልህ ሁሉ ግምት ነው።

ባለ 10 ጎማ

ጋሼ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ከስሩ ገባሁ።

ፉጨቱ ይበልጥ የሚሰማው እግሬን ሳነሳ ነው። ስረግጥም አለ፣ ግን ይቀንሳል። ሰሌዳዋ አለች፤ የአምራቹ ስምና የሞዴል ቁጥር ይነበባል፣ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ተፍቋል። በዚያ ቁጥር የአክስሉን መመሪያ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት።

ዘይቱን ከሁለቱም በብርጭቆ አወጣሁ። የመጨረሻው ዲፈረንሻል ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ እንደተቃጠለ ክብሪት ዓይነት። የፊተኛው ግን ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ብርጭቆውን አንድ ሰዓት ባስቀምጠውም አልጠራም።

አሮጌው መካኒክ

ውሃ ገብቷል። ወተት የገባበት ሻይ ካየህ ሌላ ነገር አትጠርጥር። ይሄ ዘይት አሁኑኑ መፍሰስ አለበት። ነገ ጭነት ካለህ ሰርዝ።

ጥቁሩ ያን ያህል አያስፈራም። የክብሪቱ ሽታ ዘይቱ ውስጥ ያለው ድኝ ነው፤ አዲስም ሆኖ ይሸታል። ግን አርጅቷልና እሱም ይውጣ።

አሁን ዋናው ጥያቄ ውሃው በየት ገባ ነው። 90 ሆነ 140 ያንን ካላወቅክ አዲሱም ዘይት በአንድ ክረምት ሻይ ይሆናል። መጀመሪያ መተንፈሻውን እይ። ከዲፈረንሻሉ ቤት አናት ላይ ያለች ትንሽ ቆብ ናት። መኪናው ሲሄድ ዘይቱ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፣ በእሷ በኩል ይወጣል። ጭቃ ከደፈናት አየሩ መውጫ ያጣና ፓራዮሊውን (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገውን ጎማ) ገፍቶ ይወጣል። ከዚያ ትኩሱን ይዘህ ወንዝ ወይም ኩሬ ስትገባ ብረቱ ባንዴ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ በዚያው በተጎዳው ፓራዮሊ ውሃ ይስባል። ልክ እንደ ስሪንጅ።

ድምፁ እግር ሲነሳ መብዛቱ ደግሞ አላማረኝም። የፒኞኑ ኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ሮለር) ላላ ማለት ሊሆን ይችላል። ትራንስሚሽኑ (ጉልበቱን ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚያመጣው ረጅም ዘንግ) የሚታሰርበትን ፍላንጅ በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አነቃንቀው። ከተነቃነቀ ዘይት አያድነውም። እሱን ለብቻው እንነጋገርበታለን።

ቅባት መሐንዲስ

ጋሼ የተናገሩት ላይ ልጨምር። ሥራዬ የማሽን ዘይት ነው፤ ከዚህ ውይይት የሚበልጥ ደስ የሚለኝ ወሬ የለም።

ቆርቆሮው ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጽፈዋል። ሰው ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያነበው። 90፣ 140 የሚለው ውፍረቱ ነው። ጂኤል-4፣ ጂኤል-5 የሚለው ደግሞ ዘይቱ ውስጥ የተጨመረው መድኃኒት ምን ያህል ጫና እንደሚችል ነው። ዲፈረንሻልን የሚያድነው በመጀመሪያ ሁለተኛው ነው። ሰዉ የሚጣላው ግን በመጀመሪያው ላይ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በካምቢዮ ውስጥ ያሉ ጥርሶች አንዱ በሌላው ላይ ይንከባለላሉ ማለት ይቻላል። የብዙ መኪና ዲፈረንሻል ግን ሃይፖይድ የሚባለው ዓይነት ነው። ፒኞኑ የኮሮናው መሐል ላይ አይገጥምም፣ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ነው የሚገጥመው። ስለዚህ ጥርሶቹ ሲጋጠሙ ጎን ለጎን ይፋተጋሉ። በጭነት ላይ ያ ፍትጊያ ዘይቱን ከመሐል ጨምቆ ያስወጣዋል። በዚያች ቅጽበት ውፍረት ብቻውን አይበቃም። ዘይቱ ውስጥ ያሉት የድኝና የፎስፈረስ ውህዶች ናቸው የሚደርሱት። በግጭቱ ሙቀት ከብረቱ ጋር ተዋህደው ስስ ሽፋን ይሠራሉ። የሚላጠው ያ ሽፋን ነው፣ ጥርሱ ይተርፋል። ሲላጥ ደግሞ ሌላ ይሠራል።

ጂኤል-5 ይህን መድኃኒት በብዛት የያዘ ነው። ለሃይፖይድ ዲፈረንሻል የሚታዘዘውም እሱ ነው። ጂኤል-4 በግምት ግማሹን ይይዛል። እና የዘይት ሻጩ ምክር አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳስታል። ጂኤል-4 ለካምቢዮ ብለህ ገዝተህ ዲፈረንሻል ውስጥ ብትሞላው ጥርሱ በጭነት ይጫራል። ጂኤል-5 ደግሞ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክል ቀለበት) ያለው ካምቢዮ ውስጥ ብትሞላው፣ ያ ብረት የሚያድን መድኃኒት ከነሐስና ከመዳብ የተሠሩትን ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። ባይበላ እንኳ በጣም ስለሚያንሸራትት ቀለበቱ ማርሹን መያዝ ያቅተዋል፣ ማርሽ ሲገባ ይጮሃል። ሲንክሮናይዘር የሌላቸው የከባድ መኪና ካምቢዮዎች ሌላ መለኪያ አላቸው፤ ኤምቲ-1 ይባላል። እሱም ለዲፈረንሻል አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆርቆሮ ላይ ጂኤል-6 የሚል ካያችሁ እለፉት። ጊዜው ያለፈበት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ስለበለጠ ዘይቱ አይበልጥም።

ሌሊት ነጂ

ጥሩ ትምህርት ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን የኔን ጥያቄ አልመለስክም። ጂኤል-5 የሆነ 140 እና ጂኤል-5 የሆነ 90 ፊቴ ቢቀመጡ፣ ወፍራሙ ለምን አይሻልም? ወፍራም ዘይት ያለው ሽፋን ወፍራም ነው። ይሄ እኮ ግልጽ ነው።

ቅባት መሐንዲስ

ትክክል ነህ፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ የ140 ሽፋን ወፍራም ነው። ችግሩ ሙቀቱ እኩል አለመሆኑ ነው።

ኮሮናው ዘይቱን እንደ ቅቤ ሲንጥ ነው የሚውለው። ዘይቱ በወፈረ መጠን መናጡ ይከብዳል። የሚባክነው ጉልበት ሙቀት ይሆናል፣ የሚከፈለውም በነዳጅ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ዘይቱ መልሶ ይቀጥናል። ስለዚህ ጭነቱ ቀላል፣ መንገዱ ሜዳ፣ ፍጥነቱ ከፍ ያለ ከሆነ 140 ሞልተህ የምታገኘው ጥቅም ከምታስበው በጣም ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ጠዋት ላይ ነው። በብርድ አድሮ የወፈረ ዘይት ውስጥ ኮሮናው ሲዞር ቦይ ይቆፍራል። ማር በማንኪያ ስትቀዳ ጉድጓዱ ወዲያው አይሞላም አይደል? እንደዚያ ነው። ኮሮናው ባዶ ቦይ ውስጥ ይዞራል፣ ዘይቱ ወደ ፒኞኑ ኩሽኔታ አይረጭም። የፒኞን ኩሽኔታ ደግሞ በብዙ አክስል ላይ የሚጠጣው ኮሮናው የሚወረውርለትን ነው። የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በደረቁ ይሄዳል ማለት ነው።

ቆርቆሮው ላይ 80ደብሊው-90 ሲል የፊተኛው ቁጥር፣ ደብሊው ያለበት፣ ለዚሁ ነው። ኤስኤኢ ጄ306 በሚባለው የዘይት ውፍረት መለኪያ 75ደብሊው እስከ ‑40፣ 80ደብሊው እስከ ‑26፣ 85ደብሊው እስከ ‑12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ከተወሰነው በላይ መወፈር የለበትም። የኋላው ቁጥር በ100 ዲግሪ ላይ ያለው ውፍረት ነው። እዚያ ላይ 140 የሚባለው ቢያንስ 24 ሴንቲስቶክስ (የውፍረት መስፈሪያ)፣ 90 የሚባለው ቢያንስ 13.5 ነው። ሰፊ ልዩነት ነው። በመሐል 110 የሚባል አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

አንተ የምትሠራው ምን ዓይነት መንገድ ላይ ነው? 11 ዓመት ሳይበላብህ ከቆየ ምናልባት ሥራህ በእርግጥ 140 የሚፈልግ ይሆናል።

ሌሊት ነጂ

የድንጋይ ካባ። ቀኑን ሙሉ ሙሉ ጭነት፣ ዳገት፣ በዝግታ። ሐሩር ነው፤ ሌሊትም አይበርድም።

ቅባት መሐንዲስ

እንግዲያው 85ደብሊው-140 ለአንተ ሥራ ልክ ነው። በዝግታ፣ በከባድ ጭነት፣ በሐሩር አገር ጥርሶቹ መሐል ሽፋን ለመሥራት ፍጥነቱ አያግዝህም፤ ውፍረቱ ነው የሚያግዝህ። ያንኑ ዘይት በሌሊት በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየነዳ ብርድ አገር ለሚያድር ሾፌር ግን አትምከር። ለእሱ 75ደብሊው-90 ሲንተቲክ ይሻለዋል።

የፉጨት ጠላት

ወፍራም ዘይት ሲሞሉ ድምፅ ይጠፋል የሚለው ላይ ከልቤ የምናገረው አለ። የወንድሜ መኪና ላይ ያየሁት ነው። አንድ ጋራዥ 140 ሞልተው ድምፁን አጠፉለት፤ ደስ ብሎት ወጣ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ ዳገት ላይ ፒኞኑ ነከሰ። ትራንስሚሽኑ ተገነጠለ። ኩሽኔታው ቀድሞውኑ አልቆ ነበር፤ ፉጨቱ እሱን ነበር የሚናገረው። ዘይቱ ድምፁን አፈነው እንጂ ኩሽኔታውን አላዳነውም።

ረዳቱ

ለሚቀይረው ሰው አንድ ነገር። ከማፍሰስህ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍታ። የማፍሰሻውን አይደለም፣ የመሙያውን። ዝጎ እምቢ ካለህ ዘይቱ ገና ውስጡ ስላለ መኪናውን ነድተህ ብየዳ ቤት ትወስደዋለህ። አፍስሰህ ከጨረስክ በኋላ መሙያው እምቢ ካለ ግን ባዶ ዲፈረንሻል ይዘህ መንገድ ዳር ነህ። እኔ ላይ ደርሷል። ሁለት ቀን ቆምን።

ትኩስ እያለ አፍስስ። ነድተህ እንደተመለስክ። ቆሻሻው ከዘይቱ ጋር ተንጠልጥሎ ይወጣል።

ጥርስና ኩሽኔታ

ሁለት ዲፈረንሻል ላላቸው መኪናዎች ልጨምር፤ ይሄ ሲነገር አላየሁም።

የፊተኛው ዲፈረንሻል አናት ላይ ጉልበቱን ለሁለቱ የሚያካፍል ሌላ ትንሽ ዲፈረንሻል አለ። ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ዘይት ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠማው እሱ ነው። በዚያ ላይ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሲሽከረከር ሾፌሩ መቆለፊያውን (ሁለቱን ዲፈረንሻሎች አንድ ላይ የሚያስረውን) ሳያስገባ ነዳጅ ከረገጠ፣ ያ ትንሽ ዲፈረንሻል በኃይል ይሽከረከርና በሰከንዶች ውስጥ ዘይቱን ጥሎ ይቃጠላል። ከዚያ ሰው ዘይቱን ይወቅሳል። ምርጥ ዘይትም ቢሆን ይሄን አይችልም። መቆለፊያውን ጎማው መሽከርከር ሳይጀምር አስገባ። እየተሽከረከረ ከሆነ አቁመህ ነው።

ልኩን በሚመለከት፦ ጣት አስገብቶ «ነካሁት» ማለት ልክ አይደለም። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ሊፈስስ ሲል። ሜዳ ላይ ቆሞ። ከዚያ በላይ ከሞላህ ደግሞ አረፋ ይሠራል፣ በመተንፈሻ ይወጣል።

ሌላም አለ። በብዙ ከባድ መኪና የጎማው ኩሽኔታዎች የሚቀቡት በዚሁ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ጎማ ቤቱን ፈትተህ ከነበረ፣ ዘይቱ በአክስሉ ውስጥ ሄዶ እዚያ ይሞላል፣ መሐሉ ይጎድላል። ስለዚህ ሞልተህ ጨርሰህ አትሂድ። ትንሽ ነድተህ ተመለስ፣ እስኪረጋ ቆይ፣ እንደገና ለካ። የጎማው ፓራዮሊ ካፈሰሰ ደግሞ ያ ዘይት የሚሄደው ፍሬኑ ሸራ ላይ ነው። እዚያ ላይ ቀልድ የለም። ዘይት የጠጣ ሸራ ይለወጣል እንጂ ታጥቦ አይመለስም።

ባለ 10 ጎማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ሲንተቲክ ልግዛ ወይስ ተራው ይበቃኛል? ሁለተኛ፣ አንዱ ሰው የፍሪክሽን ማለስለሻ ጨምርበት አለኝ። ያስፈልጋል?

ቅባት መሐንዲስ

ማለስለሻው ዲፈረንሻላቸው ውስጥ የሚንሸራተቱ ሸራዎች ላሉባቸው ነው፤ በትናንሽ መኪናዎችና ፒካፖች ላይ ይበዛል። የአንተ በጥርስ የሚቆለፍ ነው፤ ምንም አትጨምር። በአጠቃላይ በጂኤል-5 ላይ ከቆርቆሮ ሌላ መድኃኒት መጨመር ሚዛኑን ያበላሸዋል።

ሲንተቲክ በሙቀት ቶሎ አያረጅም፣ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ዋጋውን ይመልሳል። የአንተ ፊተኛ ዲፈረንሻል ግን ገና ውሃ ወጥቶለት የሚታጠብ ነው። መጀመሪያ ተራ 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 ሙላ፤ አጭር ጊዜ ነድተህ አፍስሰው። ውሃው በየጥጉ ይቀራል፣ አንድ ማፍሰስ አያወጣውም። ሲጸዳ ሲንተቲክ ብትል ትደርስበታለህ። ከሁሉ በፊት ግን መመሪያው ምን ይላል? ከእኔም ከሌሊት ነጂም ይልቅ እሱን ስማ።

ባለ 10 ጎማ

መመሪያው ጂኤል-5 ነው የሚለው። 80ደብሊው-90ን ከ‑26 ዲግሪ በላይ ለሆነ አየር፣ 85ደብሊው-140ን ከ‑12 በላይ ለሆነ። ሁለቱም ይፈቀዳሉ። የኔ ሥራ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ የጠጠር መንገድ ነው። ስለዚህ 80ደብሊው-90 ያዝኩ።

ባለ 10 ጎማ *(ከ9 ቀን በኋላ)*

የገባሁበትን ልንገራችሁ።

የፊተኛው ዲፈረንሻል መተንፈሻ ድፍን ነበር። ጭቃው ደርቆ ሸክላ ሆኗል፤ በመርፌ ነው የከፈትኩት። ስከፍተው «ፍስስ» ብሎ አየር ወጣ። ጋሼ እንዳሉት ነው። የፒኞኑ ፓራዮሊ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ አገኘነው።

ፍላንጁን አነቃነቅኩት። ወደ ላይና ወደ ታች ይነቃነቃል፣ ብዙ አይደለም፣ ግን እጅ ይሰማዋል። መካኒኩ ፒኞኑን አወጣው። የውስጠኛው ኩሽኔታ ሮለሮች ላይ ዝገት የበላቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ነበሩ። ጥርሶቹ ግን ደህና ናቸው፣ አልተጫሩም። ሁለቱን ኩሽኔታና ፓራዮሊውን ቀየርን፣ በመመሪያው ልክ አጠበቅነው፣ የጥርሱን አገጣጠም በቀለም አየነው። ከዚያ 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 ሞላን፣ ለሁለቱም።

ፉጨቱ የለም። ሬዲዮ ዘግቼ ነው የምነዳው አሁን።

አሮጌው መካኒክ

ተባረክ ልጄ። ኮሮናህን በጊዜ አተረፍክ። 140 ሞልተህ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ለአንድ ወር ይሸፈን ነበር።

አሁን ይሄ ለማጠቢያ የሞላኸው ነው። ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ሂድና አፍስስ። የማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለው፤ እሱን ሳትጠርግ አሳየን። ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ከሆነ የጥርስ ተፈጥሮአዊ ብናኝ ነው። በጣትህ ስታሸው የሚወጋህ ስንጥር ካለ ግን አትሙላ፣ ጻፍልኝ።

ባለ 10 ጎማ *(ከ3 ሳምንት በኋላ)*

1,100 ኪሎ ሜትር ሄድኩ። ሁለቱንም አፈሰስኩ። የፊተኛው ዘይት ትንሽ ደመና አለው፣ ሻይ ግን አይደለም። የመጨረሻው እንደገባ ነው የወጣው፣ ትንሽ ጠቆር ብሎ።

ማግኔቶቹን በጣቴ አሸኋቸው። የመጨረሻው ላይ እንደ ዓመድ የላመ ግራጫ ብቻ ነው። የፊተኛው ላይ ያው ግራጫ አለ፣ መሐሉ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል አንዲት ቅጠል መሳይ ብረት አገኘሁ። ስስ ናት። ጋሼ፣ ይቺ ከድሮው ኩሽኔታ የቀረች ትሆን?

አሮጌው መካኒክ

አንዲት ከሆነች ትሆናለች። ኩሽኔታ ሲላጥ እንደዚያ በቅጠል ነው የሚወጣው፤ ሲታጠብ ጥግ ላይ ቀርታ ነበር ማለት ነው። ከጥርስ ቢሆን ወፈር ብሎ ጠርዙ የተሰበረ ይሆን ነበር።

ማግኔቱን ጥረግ፣ አዲሱን ሙላ። ከ5,000 በኋላ የፊተኛውን ቡሎን ብቻ እንደገና አውጣው። ቅጠሏን በወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጣት፤ ሌላ ከተገኘ አጠገቧ አድርገን እናወዳድራለን።